ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። የሚያስታምመውን ሰው ግን ብቻውን እንተወዋለን።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የጥበቃው ድምፅ ያስተጋባል፤ «አስታማሚ ውጡ! ራውንድ ነው!» ከየአልጋው ሥር ካርቶን ይታጠፋል፣ ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ ፌስታል ይሰበሰባል። ሌሊቱን ወንበር ላይ ያነጉት ወገባቸውን ይዘው ይነሣሉ። ሃያዎቹን ያጋመሰች የምትመስል ሴት ከመውጣቷ በፊት የእናቷን ትራስ ታስተካክላለች፣ የአጥሚቱን ፔርሙስ ጠበቅ አድርጋ ትከድናለች፣ የሽንት ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ ጎንበስ ብላ ታያለች። ከዚያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ደረጃው ትሄዳለች።

ደረጃው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም፤ በሽተኛ ለበሽተኛ ግን ይተዋወቃሉ። «የእናንተስ እንዴት አደሩ?» «ትናንት ማታ ትንሽ ቀመሱ።» «ተመስገን ነው።» አንዱ ከጎንደር የመጣ ነው፤ አንዷ ከወልቂጤ፤ ሌላው ቤቱ እዚሁ ሳሪስ ቢሆንም ከሄደበት ቀናት አልፈዋል። የመድኃኒት ማዘዣ የያዘው ሁለት ፋርማሲ አጥቶ ሦስተኛውን ሊሞክር ይነሣል። አጠገቡ ያለችው ደም የሚሰጥላት ዘመድ ፍለጋ ስልኳን ትጎረጉራለች። ቁርስ የበላ የለም ማለት ይቻላል፤ ብሩ ለምርመራ ይፈለጋል።

ውስጥ ሐኪሞቹ በሽተኛውን ይመረምራሉ። ደረጃው ላይ ያለውን ሰው እንዴት ነህ የሚለው የለም። ይህ ዘገባ ስለ እሱ ነው፤ ስለ እሱና ማስታመሙ በሞት ሲቋጭ ስለሚጠብቀው ሀዘን።

ማንም ያልመረጣት

በአገራችን አስታማሚ የሌለው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ይከብደዋል። ማጉረሱ፣ ማጠቡ፣ ጎን ማገላበጡ፣ ናሙና ላብራቶሪ ማድረሱ፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ በእኩለ ሌሊት ነርስ መጥራቱ የቤተሰብ ሥራ ነው። ነርሶችም «ያለ እነሱ አንችለውም» ይላሉ። ታማሚው ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላው ምዕራፍ ይጀመራል። ስትሮክ ግማሽ አካሉን የያዘው አባት፣ በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት የምትመላለስ እኅት፣ የልጆቿ ስም የጠፋባት እናት፣ እነዚህን ማስታመም ዓመታት የሚፈጅ ኑሮ ነው።

ይህን ሥራ ማን እንደሚይዘው ቤተሰብ ተሰብስቦ አይወስንም። ቀስ እያለ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜ ባላገባችው ሴት ልጅ፣ በሚስት፣ በምራት፣ ወይም «አንቺ እንኳ ቤት ነሽ» በተባለችው ላይ። ወንድም ይከፍላል። ውጭ ያለችው እኅት ብር ትልካለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልና «ሐኪሙ ምን አለ? ለምን ሌላ ቦታ አላሳያችኋትም?» ትላለች። ብሩ የግድ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ከፍቅር የመጣ ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ላልዞረባት ሴት ግን ክስ ሆኖ ይሰማታል።

ጭንቀት በእኛ ዘንድ በስሙ ተጠርቶ ሐኪም ቤት የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «እጅ እግሬን ያደነዝዘኛል» እየተባለ ይቀርባል። ምርመራው ምንም አያሳይም፤ ኦሜፕራዞል ይታዘዛል፤ ከወራት በኋላ ያው ሰው በዚያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። «ቤት የምታስታምሚው ሰው አለ?» ተብላ ሳትጠየቅ የምትወጣ ሴት ብዙ ናት። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። ሌሊቱን የሌላ ሰው ትንፋሽ ሲያዳምጥ ያደረ ጆሮ ነግቶም አያርፍም። ስልክ ሲጠራ ልብ ይዘላል፤ እንቅልፍ ቢመጣም ገርበብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የትዳር አጋራቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን አራት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ማስታመሙ ጫና የሆነባቸው ሰዎች ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው ይልቅ በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

> «ምነው ፈጣሪ በገላገላት» ብላ ታስባለች። ከዚያ ያሰበችውን ለራሷ ይቅር ማለት ያቅታታል።

ከሁሉ የሚከብደው ድካሙ አይመስለኝም። አስታማሚዎች ከብዙ ዝምታ በኋላ የሚያወጡት ሌላ ነገር አለ። ሥቃዩ በበረታበት ሌሊት «ምነው በገላገላት» የሚል ሐሳብ ሽው ይላል። ሲነጋ ያቺ ሴት የእናቷን ፊት ማየት ታፍራለች። ይህን ሐሳብ የንስሐ አባቶችም የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ያውቁታል፤ የደከመ አእምሮ የሚወደው ሰው ሥቃይ እንዲያበቃ መመኘቱ ነው። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ሲነጋ ገንዳና ሳሙና ይዛ አልጋው አጠገብ አትገኝም ነበር። የሚነግራት ሰው ስለሌለ ግን ጸጸቱን ተሸክማ ለቅሶ ቤት ትገባለች።

ሀዘኑም ቢሆን የሞት ቀን አይጠብቅም። እናት ልጇን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብላ የጠየቀች ዕለት የጀመረ ሀዘን አለ። ለዚያ ቀን ለቅሶ የሚደርስ የለም።

ጡሩምባው ሲነፋ

ሞት ሲመጣ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ትናንት አንድ ሰው ብቻውን ሲደክምበት በነበረው ቤት ዛሬ መቶ ሰው ይሠራል። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን ያዳርሳል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጎላው፣ ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት እየተቆጠረ ይወጣል። መርዶ የሚነገረው ካለ፣ ሽማግሌዎችና ቅርብ ዘመዶች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሰውየው ብቻውን ሆኖ፣ መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ፣ እንዳይሰማ ተብሎ ነው።

በአዲስ አበባ እድር በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ ተስፋፋ ይባላል። ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ በሌለበት ከተማ የሰፈረ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል ለሚለው ጥያቄ የተገኘ መልስ ነበር። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ሰው በሀዘን ጊዜ ምን እንደሚያስፈልገው በዚህ መጠን በዝርዝር አስቦ የተደራጀ ነገር በየትም አገር በቀላሉ አይገኝም፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም።

ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልብ ብለን እንመልከት። ሴቶች በጓሮ ስንዴና ባቄላ ለቅመው ለንፍሮ ጥደዋል። ሀዘንተኛዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱን አታጸዳም፣ አታበስልም፣ በር አትከፍትም። አንዷ ጎረቤት እንጀራ ጠቅልላ «በእኔ ሞት፣ ይችን ብቻ» እያለች ታጎርሳታለች። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ዋይታው ይነሣል፤ ሁሉም ያለቅሳል፤ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሟች የልጅነት ጨዋታ ይወራል፤ ሳቅም ይሰማል። ጥግ ላይ የሚያመሹት ወንዶች ካርታ ይዘዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ቡድን ከበር «ወየው!» እያለ ይገባል፤ ልቅሶው እንደገና ይጀመራል።

ይህን ያየ የውጭ ሰው ግራ ሊጋባ ይችላል፤ እንዲህ የሚያለቅሱ ሰዎች እንዴት ካርታ ይጫወታሉ? ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የሀዘን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ ነው የሚያብራራው። በእነሱ አባባል ጤናማ ሀዘን በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። ሰው ያጣውን ሰው ፊት ለፊት እያየ ያለቅሳል፤ መልሶ ደግሞ ወደ ኑሮው ዘወር ይላል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ልቅሶው ይመለሳል። ሁልጊዜ ማልቀስም ሁልጊዜ መሸሽም ይጎዳል። ድንኳናችን ይህን መመላለስ በየግማሽ ሰዓቱ ሲያስደርግ ኖሯል።

በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌላ ትምህርት ነው፤ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ ድባቴ፣ መቀበል የሚባሉት አምስት ደረጃዎች። «እኔ ገና ቁጣው ላይ ነኝ» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ደረጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈችው ሐኪም ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ስትሆን፣ የተነሣችውም ለመሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ንግግር ነው። ሀዘንተኛ ሁሉ በተራ የሚወጣው መሰላል ተደርጎ የተወሰደው በኋላ ነው። ደረጃ ዘለልኩ ብሎ የሚጨነቅ ሀዘንተኛ ካለ ያንን ጭንቀት ቢተወው ይሻለዋል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያሉ ይቆጥራሉ። ሙስሊሞች ለቅሶ የሚቀመጡት ሦስት ቀን ሲሆን ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። የቀናቱ መንፈሳዊ ትርጉም እንዳለ ሆኖ፣ በኑሮ ውስጥ የሚሠሩት ሌላም ሥራ አለ። ሰዎች ተመልሰው የሚመጡበት ቀጠሮ ናቸው። ሀዘንተኛዋ «ከአርባ በፊትማ ጥቁሬን አላወልቅም» ስትል የሚከራከራት የለም።

ከተማ ውስጥ ግን ይህ እያጠረ ነው። የሥራ ፈቃድ ጥቂት ቀን ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግቢ ሌላ ድንኳን ይጠብቃል፤ ተዝካር ያስወጣል። ብዙ ቦታ በሦስተኛው ቀን አግዳሚው ተቆጥሮ ይመለሳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ድንኳኑ ጭራሽ ቀረ። በዚያ ጊዜ ወላጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች እስካሁን «እኔ እኮ በወጉ አላለቀስኩም» ይላሉ።

> ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። የመድኃኒቱ ሰዓት ነው፤ የምትሰጠው ሰው የለም።

ስታስታምም ለኖረች ሴት የድንኳኑ መነሣት የተለየ ነገር ያመጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለ ደወል ትነቃለች። ቁምሳጥን ውስጥ ያልተከፈተ የዳይፐር ጥቅል አለ፤ መስኮቱ ሥር ግማሹ የተወሰደ ኪኒን። ያጣችው እናቷን ብቻ አይደለም፤ የቀኗን ሥርዓት፣ ከቤት ላለመውጣት የነበራትን ምክንያት፣ በሰው ዘንድ የነበራትን ቦታ ሁሉ አብራ አጥታለች። ሥራዋን ከለቀቀች ቆይታለች። ጓደኞቿ መደወል ያቆሙት ገና ድሮ ነው። በዚህ ላይ የሚያጽናኗት ሰዎች «እሳቸውም አረፉ፣ አንቺም አረፍሽ» ይሏታል። በቅን ልብ ነው የሚሉት፤ ሆኖም ያ የሌሊት ሐሳቧን የሰሙባት ያህል ትደነግጣለች።

ወንዶችም አሉ። ድንኳን ውስጥ ወንድ ልጅ ቢያለቅስ፣ ደረቱን ቢመታ የሚያፍርበት የለም። ከሰልስት በኋላ ግን «በቃ፣ ጠንከር በል፤ ለልጆቹ ስትል» ይባላል። ብዙው ጥንካሬውን መጠጥ ቤት ይፈልገዋል።

ልጆችን በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። «አባባ ውጭ አገር ሄዷል» የሚባል ልጅ ስልክ ይጠብቃል፤ ስልኩ ሲቀር አባቱ እንደረሳው ያምናል። ለስድስት ዓመት ልጅም ቢሆን «አባባ ሞቷል፤ ሰው ሲሞት አይመለስም፤ እኔ ግን አለሁ» ብሎ መንገር ይቻላል። አንዴ ተነግሮ የሚያበቃም አይደለም፤ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ደጋግሞ ይመለስለታል።

መቼ ነው ሀዘን ሕክምና የሚሻው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሀዘንን በሕመምነት መዝግቦታል። መለኪያው ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ በሰውየው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠበቀውም የተሻገረ፣ ኑሮውን ያሰናከለ ናፍቆትና ሥቃይ ነው። ባህሉን በመለኪያው ውስጥ ማስገባቱ ተገቢ ነው፤ እስከ ሙት ዓመት ጥቁር የለበሰች ሴት በሽተኛ አይደለችም። መብላት ያቃተው፣ ከቤት መውጣት የተወ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ተከትያት ብሄድ» የሚል ሰው ሲኖር ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ሰው አብሮት ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም እየተጠመቀ መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል። ሁለቱን የሚያማርጥ ቤተሰብ ሰው ሲጎዳ ታይቷል።

እርም ያልወጣለት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን አልነበረም። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ ባዶ የሬሳ ሣጥኖች ታጅበው ተቀበሩ፤ ቤተሰቦች ከወደቀበት ስፍራ የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ የአፈሩን ነገር ያልገባቸው ሰዎች ነበሩ። እርም ማውጣት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ግን ግልጽ ነው፤ የሚቀበር ነገር ያስፈልጋል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ መቋጫ የሌለውን እጦት ዕድሜዋን ሙሉ አጥንታለች። ሰውየው ሞቷል እንዳይባል ማስረጃ የለም፤ አለ እንዳይባል ድምፁ የለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሀዘንና ተስፋ እየተፈራረቁ ሰውን ያደክማሉ። በሰሜኑ ጦርነት ልጆቻቸው የሄዱባቸው ወላጆች ይህን ለዓመታት ኖረውበታል። በትግራይ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በጦርነቱ የተሰዉት ሰዎች መርዶ በይፋ ተነግሮ ሦስት ቀን ሀዘን ሲታወጅ፣ ብዙ ቤት የጠረጠረውን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ልጇ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሄዳ ስልኳ የጠፋባት እናት ግን መርዶ የሚያረዳት የለም። ለቅሶ ብትቀመጥ ልጇን ራሷ የገደለቻት ይመስላታል።

በስደት ያሉትም የራሳቸው አላቸው። ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰው ጠዋት በሩ ሲንኳኳና የሚያውቃቸው ሰዎች ሰብሰብ ብለው ቆመው ሲያይ መርዶ መሆኑን ያውቀዋል። ከስደተኞቹ የብዙዎቹ እንጀራ የአሜሪካ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የሌላ ሰው እናት አጥበው፣ አልብሰው፣ አብልተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የራሳቸውን እናት በቪዲዮ ያያሉ። ያቺን እሑድ ደዋይ እኅት ስንወቅስ ይህንንም እናስብላት።

የምሽት ተራ

እድር ከቀብር ወጥቶ ወደ ሕሙማን የሄደበት ዘመን ነበር። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈር ሰፈሩን ሲያራቁት የእድር ሸራ የሚታጠፍበት ቀን ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም አንዳንድ እድሮች ሰው እስኪሞት መጠበቁን ትተው አልጋ ላይ ያሉትን መጠየቅ፣ ማጠብ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ የጽኑ ሕሙማንን ቤት እየዞረ ሕመም ያስታግሳል፤ ነርሷ ስትመጣ የምታየው በሽተኛውን ብቻ አይደለም። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም የመነጨው አልጋ አጠገብ ከተቀመጡ ሰዎች ልምድ ነው።

አስታማሚዎችን «ሦስት ሰዓት ነፃ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ «እተኛለሁ» ይላሉ። ሹሩባ መሠራት ያማራት አለች። ቅዳሴ ማስቀደስ የምትሻ አለች። «ጡቴ ላይ ያለችውን እብጠት አሳያለሁ» ያለች ሴትም አለች። ካገኘቻት ዓመት አልፏታል።

የሚያስፈልገው ይኸው ሦስት ሰዓት ነው። ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ፣ ቡና ተፈልቶለት የሚሄድ ጠያቂ ለአስታማሚዋ ተጨማሪ ሥራ ነው። «ሐሙስ ከ8 ሰዓት እስከ 11 እኔ አለሁ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ጻፊልኝና ውጪ» የሚል ጠያቂ ግን ሌላ ነው። በሽተኛውን ማንሣት የማይችሉ አዛውንት እንኳ አጠገቡ ተቀምጠው ውሃ ማቀበልና ቢብስ ስልክ መደወል ይችላሉ። ውጭ ያለው ወንድምም ከሚልከው ብር ላይ ለተመላላሽ ረዳት የሚሆን ለይቶ ቢልክና «የእሷ የእረፍት ነው» ብሎ በስሙ ቢጠራው እኅቱን ከልመና ያወጣታል።

ይህን ሐሳብ ለእድር ዳኞች ብታቀርቡላቸው ሁለት ዓይነት መልስ ትሰማላችሁ። ገንዘብ ያዦች «ለታመመ ሁሉ ከከፈልን ካዝናው ለቀብር አይተርፍም» ይላሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ ወርኃዊው መዋጮ ለዚያ የተሰላ አይደለም። ሴቶች አባላት ደግሞ «ብር ማን ጠየቀ?» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚያድር የሚመደብበት ተራ ዛሬም በየእድሩ አለ፤ ሰው ተራውን ከዘለለ ይቀጣል። ያው ተራ፣ በዚያው ደብተር፣ በሰፈሩ ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አልጋ ለያዙ ሰዎች ቤት ሊሆን ይችላል። ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ጉባኤው ደግሞ በየእድሩ ደንብ በተወሰነለት ጊዜ ይጠራል። እስከዚያ ድረስ ሦስት ጎረቤታሞች ማክሰኞን፣ ሐሙስን፣ ቅዳሜን ለመከፋፈል የማንም ፊርማ አያስፈልጋቸውም።